ዦርዥ ኦጉስት ሌሾ፤ ድንጋይ የበሳው ሰዓት ሠሪ

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሰው፥ ተራራው ለመንገድ ሲባል በተቆረጠበት ቦታ ሁሉ የአለቱን ሆድ ያያል። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ እያፈሰሰ ያነጠፈው ድንጋይ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ ይታያል። መንገድ ያልቆረጠው ተራራ ግን ሆዱን ለማንም አያሳይም። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዳር ቆመን ብንመለከት፥ ዓይናችን የሚደርሰው እስከ ደኑ፣ እስከ ውሃውና ከተማይቱን ስም እስካወጡላት ምንጮች ድረስ ብቻ ነው። ከእግራችን በታች መቶ ሜትር ወርዶ ወርቅ ይኑር ውሃ፣ ጽኑ አለት ይኑር ስንጥቅ፥ በመገመት የሚታወቅ ነገር የለም።

ይህን ለማወቅ የሚፈልግ የማዕድን ፈላጊ በዛሬው ጊዜ የሚሠራበት ዋና መሣሪያ ባዶ የብረት ቱቦ ነው። በቱቦው አፍ ዙሪያ አልማዝ ተተክሏል። ቱቦው እየተሽከረከረ ወደ ምድር ሲገባ አልማዙ ድንጋዩን በቀለበት ቅርጽ እየፈጨ ይወርዳል፤ ያልተፈጨው የመካከሉ ድንጋይ ደግሞ እንደ ሻማ ድቡልቡል ሆኖ በቱቦው ሆድ ውስጥ ይቀራል። ባለሙያዎች ኮር የሚሉት ይህ የድንጋይ ዘንግ ወደ ላይ ወጥቶ በሳጥን ውስጥ በተራ ሲደረደር፥ የምድሩን ሆድ እንደ መጽሐፍ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ይቻላል።

እኛ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ብረትና ስለ አለት ለመጻፍ መነሣታችን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ይህን መሣሪያ ማን እንዳሰበው ስንመረምር ያገኘነው ሰው የማዕድን መሐንዲስ ወይም የሥነ ምድር ሊቅ አይደለም፤ ዕድሜውን ሙሉ በመዳፍ ከምትገባ ሰዓት ጋር ሲታገል የኖረ የእጅ ባለሙያ ነው። የሕይወቱ ታሪክም ለእኛና ለአገራችን የሚለው ነገር ያለው መስሎ ስለታየን፥ በዚህች መጽሔት ለጓደኞቻችን ልናቀርበው ወደድን። የኢትዮጵያ ነው ብለን ካላመለከትን በቀር የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ዦርዥ ኦጉስት ሌሾ በ1800 ዓመት በመጋቢት ወር በስዊስ አገር በጄኔቫ ከተማ ተወለደ። አባቱ ዣን ፍሬዴሪክ ሌሾ በዘመኑ ከታወቁት የመካኒክ ጠበብት አንዱ ነበር። ይህ አባት ከዣኬ ድሮ ቤተሰብ ጋር ሆኖ በመሥራት፥ በ1774 ለሕዝብ የታዩትን ሦስት ዝነኛ የመካኒክ አሻንጉሊቶች ለመፍጠር እጁን ካዋሉት ሰዎች አንዱ ነው። አንደኛው አሻንጉሊት ብዕሩን በቀለም እያጠቀሰ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ሥዕል ይሥላል፤ ሦስተኛዋ በጣቶችዋ የሙዚቃ መሣሪያ ትመታለች። ሦስቱም ዛሬ በኔሻቴል ከተማ ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛሉ፤ ሁለት መቶ ዓመት ተኩል ያህል አልፎአቸውም ሥራቸውን አልረሱም። ሽማግሌው ሌሾ አካላቸው ለጎደለ ሰዎች የሚታጠፍ ሰው ሠራሽ እጅ በመሥራትም ስሙ ይነሣ ነበር።

እንግዲህ ልጁ ያደገው በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ቤት ትንሽ ስሕተት የሚባል ነገር አልነበረም። የአንዲት ጥርስ ስፋት በፀጉር ያህል ቢበዛ አሻንጉሊቱ ቃሉን ይሳሳታል፤ ስለዚህ ጥፋቱ በየትኛዋ ጥርስ እንዳለ ፈልጎ ማግኘት የዕለት ሥራ ነበር። በ1824 አባቱ ሲሞት ልጁ የ24 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ይህን የማየት ልማድ ወርሶአል። ብዙዎቻችን ከአባት የሚወረሰው መሬትና ገንዘብ ብቻ ይመስለናል። ሌሾ የወረሰው ግን ዓይንና እጅ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ያገኘው በእነዚህ ነው።

የጎልማሳነቱ የመጀመሪያ ሥራ በሰዓት ልብ ላይ ነበር። በእያንዳንዱ የኪስ ሰዓት ውስጥ የጥቅሉን ሽቦ ኃይል ጥቂት በጥቂት እየለቀቀች፥ ጥርሱን አንድ በአንድ የምታሳልፍ እንደ መልሕቅ ያለች ቁራጭ አለች። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህች ዘንድ ነው። አሳቡን ከእሱ በፊት በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ቶማስ መጅ የሚባል እንግሊዛዊ አስቦት ነበር። ነገር ግን ሰዓቱ በኪስ ውስጥ ሲናወጥ ቁራጯ ከቦታዋ እየተነቃነቀች ሰዓቱን ታስት ነበርና፥ ብዙ ሠሪዎች ርቀዋት ቆይተዋል። ሌሾ ጥርሱና ቁራጯ የሚገናኙበትን ገጽ በጥቂቱ አዘንብሎ፥ ጥርሱ ቁራጯን ወደ ራሱ ስቦ እንዲይዛት አደረገ። የለወጠው ነገር አንዲት ትንሽ ማዕዘን ናት። ነገር ግን ዛሬ በዓለም ላይ በጥቅል ሽቦ ኃይል የሚሠሩት የእጅ ሰዓቶች አብዛኞቹ የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ከዚህ የሰፋ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ሰዓት የሚሠራው እንደ አንድ ጥበብ ቀሚስ ነበር ለማለት ይቻላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ለዚያው ሰዓት ብቻ ተለክቶ በእጅ ይሞረዳል። የአንዱ ሰዓት መንኰራኩር ቢሰበር ከሌላው ሰዓት ወስዶ መተካት አይቻልም ነበር። በ1839 ቫሽሮንና ኮንስታንታ የተባለው የጄኔቫ የሰዓት ቤት ሌሾን በመካኒክ ኃላፊነት ቀጠረው። በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ሌሾ የአንድን ሞዴል ቅርጽ እየተከተሉ በትክክል የሚቀዱ መሣሪያዎችን ሠራ፤ ከእነዚህም ዋናው ፓንቶግራፍ የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ የአንዱ ሰዓት ክፍል ለሌላው የሚሆን ሆነ። የጄኔቫ የኪነ ጥበብ ማኅበርም ለዚህ ሥራው ሽልማት ሰጠው።

እስከዚህ ድረስ የሌሾ ታሪክ የአንድ የተሳካለት የሰዓት ሠሪ ታሪክ ነው፤ ድንጋይ የሚባል ነገር አልገባበትም። ድንጋይ የገባው ስድሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ዓመታት አውሮፓ በባቡር ሐዲድ ትጠመድ ነበር፤ ሐዲዱም ተራራ ይገጥመው ጀመር። በፈረንሣይና በኢጣልያ መካከል በአልፕስ ተራራ ሥር ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የፍሬዡስ ዋሻ ሥራ በ1857 ተጀምሮ እስከ 1871 ድረስ ሲለፋበት ቆይቶአል። በመጀመሪያ አለቱ የሚበሳው ሠራተኛ መሮ ይዞ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ነበር፤ ቆይቶ በታመቀ አየር የሚመታ መኪና መጣ። ይሁን እንጂ መኪናውም የሚሠራው እንደ መዶሻው ነበር። መትቶ መስበር፣ እንደገና መትቶ መስበር ነው። የመሮው አፍ ቶሎ ይደነዝዛል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣውም ዱቄትና ፍርካሽ ብቻ ስለሆነ፥ የአለቱን ዓይነት በሚገባ ለመለየት አያስችልም።

ሮዶልፍ ሌሾ የተባለው የዦርዥ ኦጉስት ልጅ መሐንዲስ ነበርና ይህን ችግር በቅርብ ያውቀው ነበር። አባቱን ያማከረው በዚህ ጉዳይ ነው ይባላል። አባቱም ቀደም ሲል በጥንት ጊዜ የተጠረበ የፖርፊሪ ድንጋይ ተመልክቶ በገጹ ላይ ቀጫጭን፣ ጥልቀታቸው እኩል የሆኑ መስመሮች ማየቱ ይነገራል። ፖርፊሪ ብረትን የሚያደነዝዝ ጽኑ ድንጋይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን የጥንት ሰዎች ጥበብ ያስደንቃል ብሎ ያልፍ ነበር። ሌሾ ግን ዓይኑ የሰዓት ሠሪ ዓይን ነውና፥ መስመሩን ያስቀረው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። እኩል ጥልቀት ያለው መስመር በምት አይመጣም፤ የሚመጣው ጫፉ ሳይደነዝዝ በሚሄድ ስለት ነው። እንዲህ ያለው ስለት አልማዝ መሆን አለበት ብሎ ደመደመ።

አሳቡ በ1862 መልክ ያዘ። ሌሾ ባዶ ቱቦ ወስዶ በአፉ ዙሪያ የአልማዝ ፍንካቾችን ተከለበት፤ ቱቦው እንዲሽከረከር፣ በሆዱም ውሃ እየተገፋ እንዲወርድ አደረገ። ውሃው የሚግለውን አልማዝ ያቀዘቅዛል፤ የተፈጨውንም ዱቄት ይዞ በቱቦውና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ላይ ይመለሳል። የፈጠራው መብት የተመዘገበው በልጁ በሮዶልፍ ስም ነው፤ የአሜሪካ መንግሥትም ሐምሌ 14 ቀን 1863 በቁጥር 39,235 ፓተንት ሰጠበት። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ ድረስ ብዙ ጸሐፊዎች አባትና ልጅን ያደባልቃሉ።

አንባቢያችን የዚህ አሳብ ብልጫ ከምን ላይ እንደሆነ እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ከሌሾ በፊት የነበረው ጥረት ሁሉ መዶሻውን የሚያከብድ፣ ምቱንም የሚያፈጥን ነበር። ሌሾ ግን የሚፈጨውን ድንጋይ ቀነሰ። ዛሬ በማዕድን ፍለጋ በብዛት ከሚሠራባቸው መጠኖች አንዱን እንውሰድ፤ የጉድጓዱ ወርድ 76 ሚሊ ሜትር ያህል፥ የሚወጣው የድንጋይ ዘንግ ወርድ ደግሞ 48 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱን ብናሰላ ከጉድጓዱ ድንጋይ ከመቶ 40 ያህሉ ሳይነካ ይወጣል ማለት ነው። ለዚህ 40 እጅ ድንጋይ ኃይል አልወጣበትም፤ አልማዝ አላለቀበትም። ደግሞም ፈላጊው የሚመኘው እሱኑ ነው። ጉልበትን ያዳነው ዘዴ ራሱ የሚፈለገውን ዕውቀት አስገኘ። በእጁ ብረት የሞረደ ሰው ብቻ የሚያውቀው ቁጠባ ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ የተመረጠው አልማዝም የሚያምረው አልማዝ አልነበረም። በ1840ዎቹ በብራዚል አገር በባሂያ ግዛት ጥቁር፣ ብርሃን የማያሳልፍ፣ ከሰል የሚመስል አልማዝ ተገኝቶ ነበር፤ ካርቦናዶ ይሉታል። ጌጥ ሠሪዎች አልፈለጉትም። ነገር ግን ጥቃቅን ቅንጣቶች በየአቅጣጫው ተጣብቀው የሠሩት ስለሆነ፥ እንደ ንጹሑ አልማዝ በአንድ ወገን ሲመታ አይሰነጠቅም። መሰርሰሪያው ሲስፋፋ ይህ የተናቀ ድንጋይ ዋጋው ሰማይ ነካ። በ1895 በባሂያ የተገኘው 3,167 ካራት የሚመዝነው ካርቦናዶ በዓለም ከተገኙት አልማዞች ሁሉ ትልቁ ሲሆን፥ መጨረሻው ተሰባብሮ ለመሰርሰሪያ አፍ መሆን ነበር።

ፈጠራው ከጄኔቫ ወጥቶ በዓለም ሲዞር ሌሎች እጆች አሻሻሉት። በአሜሪካ በቬርሞንት ግዛት በእብነ በረድ ካባዎች ከእንፋሎት ሞተር ጋር ተጋባ። በጀርመን አገር በሽላደባኽ በ1880 የተጀመረው ጉድጓድ በ1886 እስከ 1,748 ሜትር ወርዶ በዘመኑ የዓለም ጥልቅ ጉድጓድ ሆነ። በ1893 ዛሬ የፖላንድ ግዛት በሆነው በላይኛው ሲሌዥያ በፓሩሾቪትዝ 2,003 ሜትር ተደረሰ። በ1890 ኤድመንድ ሎንግየር የተባለ አሜሪካዊ በሚኒሶታ በሜሳቢ የብረት ማዕድን አገር የመጀመሪያውን የአልማዝ ጉድጓድ ቆፈረ፤ በኋላም በስሙ የተቋቋመው ኩባንያ የዚህ ሙያ ዋና ቤት ሆነ።

ከሌሾ ሞት በኋላ የመጡትን ማሻሻያዎች በአጭሩ ብንጠቅስ ታሪኩን ያሟላልናል። አንደኛ፥ ቱቦው ድርብ ሆነ። የውጪው ሲሽከረከር የውስጡ ስለማይዞር፥ የገባው የድንጋይ ዘንግ ተፋጭቶ አይጠፋም። ቁፋሮ ፈጠነ ተብሎ ናሙናው ተሰባብሮ ከወጣ የተገኘ ትርፍ የለምና፥ ይህ ከፍጥነት የሚበልጥ መሻሻል ነበር። ሁለተኛ፥ በ1954 መጨረሻ በአሜሪካ የጄነራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰዎች ሰው ሠራሽ አልማዝ አገኙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ለዓለም ገለጡ። በዚህ የተነሣ ጥቃቅን አልማዝ ከብረት ዱቄት ጋር ቀላቅሎ የመሰርሰሪያ አፍ ማውጣት ተስፋፋ። ላይኛው ብረት ሲበላ ከሥሩ አዲስ አልማዝ ብቅ ስለሚል፥ አፉ እየሠራ ራሱን ይስላል።

ሦስተኛው በ1958 የሎንግየር ኩባንያ ያወጣው በሽቦ ገመድ የማውጣት ዘዴ ነው። ቀድሞ የውስጡ ቱቦ በሞላ ቁጥር ዘንጎቹ ሁሉ ከጉድጓዱ መውጣት ነበረባቸው። ጉድጓዱ 300 ሜትር፥ አንዱ ዘንግ 3 ሜትር ቢሆን፥ መቶ ዘንግ እየፈቱ ማውጣት፣ ናሙናውን ተቀብሎ እንደገና መቶውን እያጠበቁ መመለስ ማለት ነው። የቀኑ ብዙ ሰዓት የሚያልቀው በመቆፈር ሳይሆን በመፍታትና በማሰር ነበር። በአዲሱ ዘዴ ዘንጎቹ ባሉበት ይቆዩና የውስጡ ቱቦ ብቻ በገመድ ተስቦ ይወጣል። በዚህም ጊዜ የተገኘው ብልጫ ሞተሩን በማጠንከር የመጣ አይደለም፤ የማያስፈልገውን ድካም በመተው ነው። ሌሾ በሕይወት ኖሮ ቢያይ የራሱን አሳብ ያውቀው ነበር እንላለን።

ሌሾ በየካቲት ወር 1884 በተወለደበት በጄኔቫ ከተማ በ83 ዓመቱ አረፈ። የሽላደባኽ ቆፋሪዎች በዚያ ጊዜ በእሱ መሣሪያ ወደ ምድር ሆድ እየወረዱ ነበር። ስሙ በሰዓት ሠሪዎች ዘንድ ይታወቃል፤ በየአገሩ በአልማዝ መሰርሰሪያ የሚሠሩት ሰዎች ግን ብዙዎቹ ሰምተውት አያውቁም። በወርቅና በመዳብ የበለጸጉት ሌሎች ናቸው። እሱ በሦስት ሥራዎች፥ በሰዓት ልብ፣ በመቅጃ መኪናና በመሰርሰሪያ፥ አንድ ነገር ደጋግሞ አስተማረ፤ ይኸውም ስለቱ ከሚቆረጠው ነገር ጋር የሚገናኝባትን ትንሿን ቦታ በትዕግሥት የተመለከተ ሰው ትልቁን ሥራ ይለውጣል ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የሌሾ አሳብ ኢትዮጵያን አላለፋትም። ከአባያ ማዶ በስተምሥራቅ ባለው በአዶላ አገር ወርቅ ከ1930ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ከወንዝ አሸዋ እየታጠበ ሲወጣ ኖሮአል፤ ለአጠባው ገበቴና ጉልበት ይበቃል። በጽኑ አለት ውስጥ ያለው ወርቅ ግን በገበቴ አይገኝም፤ ምን ያህል እንደሆነና ወዴት እንደሚወርድ የሚነግረው የተቆፈረ ናሙና ነው። ለገ ደምቢ ላይ ከአለት የሚወጣው ወርቅ በ1990 መመረት ሲጀምር፥ በአገራችን የወርቅ ሥራ ከአሸዋ ወደ አለት ተሻገረ።

ከእኛ ይበልጥ የቀረበው ደግሞ የጨው ባሕር ነው። ከአርባ ምንጭ ኮንሶን አልፎ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሄደ ሰው ይህን ሰፊ የደረቀ የሐይቅ ወለል ያገኘዋል። በ2014 መጨረሻ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሊቃውንት በዚያ ጉድጓድ ቆፍረው፥ ሲገጣጠም ወደ 293 ሜትር የሚሆን የደለል ናሙና አወጡ። ደለሉ ለስላሳ ስለሆነ የመሣሪያው አፍ እንደ አለቱ ባይሆንም፥ በቱቦ ሆድ ሳይበላሽ ማውጣት የሚለው መርሕ ያው ነው። በዚያ ናሙና ውስጥ የ620 ሺህ ዓመት የዝናብና የድርቅ ታሪክ ተጽፎ ተገኝቶአል። ዛሬ ናሙናው የሚጠበቀው በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ነው። በጎረቤታችን ምድር ሆድ የተጻፈውን ታሪክ ለማንበብ የሚፈልግ የአርባ ምንጭ ተማሪ ውቅያኖስ ተሻግሮ መሄድ አለበት ማለት ነው። ይህን የምንለው እንግዶቹን ለመውቀስ አይደለም፤ ናሙናው ደርቆ እንዳይሰነጠቅና እንዳይበላሽ ቀዝቃዛ ቤት፣ ልዩ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋልና። የምንጠይቀው የሠለጠነው እጅ በእኛ ዘንድ ለምን አነሰ ብለን ነው።

መልሱን ለማግኘት ከጋሞ ደጋ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። በዚህ ደጋ የሚኖሩ የቆዳ አልፊዎች ቆዳ የሚፍቁበት መሣሪያ የድንጋይ ስለት እንደነበረ፥ በድንጋይም የሚሠሩ እስከ እኛ ዘመን ድረስ መቆየታቸውን የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች ከሩቅ አገር እየመጡ አጥንተው ጽፈዋል። ቆዳ አልፊው ድንጋዩን ይመርጣል፤ ፈልጦ ያወጣዋል፤ በእንጨት እጀታ ላይ በሙጫ ይተክለዋል፤ ስለቱ ሲደነዝዝ ጫፉን እየቀረፈ ያድሰዋል። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ ይህን ከሌሾ ሥራ ጋር አስተያየው። ጽኑ ድንጋይ መምረጥ፣ በእጀታ ላይ አጽንቶ መትከል፣ ሲደነዝዝ አዲስ ስለት እንዲወጣ ማድረግ፥ ሦስቱም በዚህ አሉ። ልዩነቱ በዕውቀቱ ዓይነት ላይ አይደለም። ልዩነቱ የጄኔቫ ከተማ ለባለሙያዋ ሽልማት ስትሰጥ፥ የእኛ ኅብረተ ሰብ ግን ለባለሙያው የሰጠው ንቀት መሆኑ ነው። ቆዳ አልፊውና ሸክላ ሠሪዋ ከሌላው ጋር በጋብቻ እንዳይገናኙ፣ መሬትም እንዳይኖራቸው ሲደረግ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ የጋሞ ብቻ ነውር አይደለም። በሰሜንም ብረት ቀጥቃጩ በቡዳነት ሲታማ ኖሮአል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው።

አዋጅ ግን ልብን ቶሎ አይለውጥም። ከእኛ ከተማሪዎቹ መካከል እንኳ የአባቱ ሥራ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ነጋዴ ነው ብሎ የሚያልፍ የሸማኔ ልጅ አለ። የዶርዜ ሸማኔ ክሩን ሳይበጥስ የሚያሳልፍበትን የእጅ ልክ፣ ያንን ዓይንና ያንን ትዕግሥት በመኝታ ክፍላችን ደብቀን፥ ፈጠራ የሚባለውን ነገር ከውጭ አገር በመርከብ እስኪመጣልን እንጠብቃለን። የሌሾ አባት አሻንጉሊት ሠሪ ነበር፤ ልጁ ግን ይህን አልደበቀም፤ ከዚያው ቤት የወረሰውን እጅ ይዞ ተራራ በሳበት።

ስለዚህ አንድ አሳብ ለማኅበራችን እናቀርባለን። በዓመቱ ውስጥ ከምናደርጋቸው የክርክርና የንግግር ምሽቶች አንዱ ለእጅ ባለሙያዎች ይሁን። ከጨንቻ አንድ ሸማኔ፣ ከደጋው አንድ ቆዳ አልፊ፣ ከጉድጓድ ቆፋሪዎችም አንድ መካኒክ ተጋብዘው መሣሪያቸውን ይዘው ይምጡ፤ እነሱ ከመድረኩ ላይ ይቀመጡ፥ እኛ ከወንበሩ ላይ ሆነን እንስማ። የኢንጂነሪንግ ተማሪው የስለቱን ማዕዘን ይለካ፤ የታሪክ ተማሪው ሙያው ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ይጻፍ። ከመካከላችንም አንዱ ተነሥቶ፥ ይህ የአባቴ ሥራ ነው ብሎ ሳያፍር ቢናገር፥ ምሽቱ ድካሙን ከፍሎአል እንላለን።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ አባቶቻችን። የጋሞ ተራራ ሆዱን ዘግቶ ይጠብቃል። የሚከፍተው እጅ ከዚሁ አገር ይወጣ ዘንድ፥ በመጀመሪያ የገዛ እጃችንን ማክበር እንማር።